ይዣለሁ፣ ልቀቅ

አፄ ገብረ መስቀል በደብረ ዳሞ አናት ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ድንጋዩና እንጨቱ ወደ ላይ እንዲደርስ ገደሉን ተደግፎ የሚወጣ መወጣጫ አሠርተው እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። ሥራው ሲያልቅ ግን የገዳሙ መሥራች አቡነ አረጋዊ መወጣጫው እንዲፈርስ አዘዙ። ፈረሰም። በቦታው ገመድ ተተካ፤ ከ6ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወደዚያ ገዳም የሚወጣ ሁሉ በገመድ ይወጣል።

ይህ ታሪክ ሲነሣ የሰው ጆሮ የሚያዘነብለው ወደ ዘንዶው ነው። ጻድቁ በመጀመሪያ ተራራውን የወጡት በዘንዶ ጅራት ተይዘው ነው ይባላልና። እኔን የሚይዘኝ የፈረሰው መወጣጫ ነው። ዘንዶው የእግዚአብሔር ተአምር ነው፤ መወጣጫውን ማፍረስ ግን የሰው ውሳኔ ነው፤ የሰው ውሳኔ ደግሞ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ገዳሙን ከወራሪና ከዓለም ግርግር ለመጠበቅ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አያጠግበኝም። ደረጃን በር ሠርቶ መዝጋት ይቻል ነበር። በርና ቁልፍ ባለበት አገር ደረጃን ከነመሠረቱ ማፍረስ ሌላ ሐሳብ ቢኖረው ነው።

ደረጃ ያገኘ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይወጣል። ጉልበት ካለው በሌሊትም ይወጣል፣ ተቆጥቶም ይወጣል፣ ከላይ ያሉትን ሳያውቅ ሳያውቁትም ይወጣል። ገመድ ግን የሚጥለው ሰው ይፈልጋል። ከሥር የቆመው ይጣራል፤ ከላይ ያለው ይሰማል፤ ይጥልለታል። አቡነ አረጋዊ ያስቀሩት ብቻን መውጣትን ይመስለኛል። ወደ ገዳማቸው የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ለጥቂት ደቂቃ ነፍሱን በሌላ ሰው ክንድ ላይ አሳድሮ እንዲገባ ነው ያደረጉት።

አወጣጡ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከገደሉ ሥር ለቆመው ሰው ሁለት ገመድ ይወርድለታል። አንደኛው ከቆዳ የተገመደ ወፍራም ጠፍር ነው፤ ያንን በእጁ ጨብጦ፣ እግሩን ብዙ እግር ባለሰለሰው ዓለት ላይ እየተከለ ይወጣበታል። ሁለተኛው ወገቡ ላይ ይታሰርለታል፤ ያንን የሚስበው ከላይ ያለው መነኩሴ ነው። ገደሉ ወደ 15 ሜትር ይሆናል። መካከል ላይ ክንድ ሲዝል፣ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ፣ ሰውየው ሁለት ነገር አብሮ ይሰማዋል፦ የሚጨብጠው ገመድ እየከበደው ሲመጣ፣ ወገቡን የያዘው ገመድ ደግሞ ወደ ላይ ሲጠብቅ። የመጀመሪያው የራሱ ጥረት ነው፤ ሁለተኛው የማያየው ሰው ጉልበት ነው። ይህ ገመድ ለሴት አይወርድም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ስለ ገመዱ ሳስብ ግን ከሥር ቆመው የሚቀሩትን እናቶችና እኅቶች ሳላስብ አላልፍም።

የዳሞን ገመድ የትግራይ ነገር ነው ብሎ የሚያልፈው የወሎ ሰው ካለ፣ ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ይውረድ። በ13ኛው መቶ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዐ የተማሩት በደብረ ዳሞ፣ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ነው። ያን ጠፍር ጨብጠው ወጥተዋል፤ ወርደዋልም። ከሐይቅ ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ወደ ዳሞ ሄዱ። ከዚያ ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን ቆረጠው፤ ወዲያው ስድስት ክንፍ ተሰጣቸውና በሰላም ወረዱ ይላል ትውፊቱ። ክንፋቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከዚህ ታሪክ የምወድለት ነገር ገመዱን አለማሞካሸቱ ነው። ገመዱ አይበጠስም አላለም፤ የተቀደሰ ተራራ፣ የተቀደሰ ሰው፣ የታመነ ገመድ፣ ግን ተቆረጠ አለ። ለጻድቁ ክንፍ ወጣላቸው። ክንፍ ያልተሰጠን እኛስ? ለዚህ ጥያቄ ሰዎች በሩቅ አገር፣ በብረት፣ መልስ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ከዚያ በፊት ግን በእኛው ደጅ ያለ ሌላ ገደል አለ።

መርሳ ያለችበትን የሀብሩ ወረዳ በደቡብ በኩል የሚያዋስነው አምባሰል ነው፤ በአምባሰል ደግሞ ግሸን አለች። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝብ የሚጎርፍባት፣ የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ። ይህች ተራራ ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ የኢማም አሕመድ ሠራዊት በ1540 እ.ኤ.አ. እስኪያጠፋት ድረስ፣ የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩባት ቦታ ነበረች። አንዱ ወንድም ሲነግሥ ሌሎቹ ወደ አምባው ይወጣሉ፤ ንጉሥ ሲሞት ከመካከላቸው አንዱ ተጠርቶ ይወርዳል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. ወደ ዙፋን የመጡት ከዚያ ነው። ግማደ መስቀሉን በዚያች አምባ ያስቀመጡትም እሳቸው ናቸው፤ የታሰሩበትን ተራራ የሕዝብ መሳለሚያ አደረጉት።

ዳሞና ግሸን ሁለቱም በገደል የታጠሩ ናቸው። በሁለቱም ላይ ሰው ይታሰራል፤ በአንዱ ወገቡን፣ በሌላው ዕድሜውን። አጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ገዳም ሌላው ወኅኒ የሆነው በምን ነው? በገደሉ ከፍታ አይደለም። በዳሞ የታሰረው ሰው ራሱ ተጣርቶ፣ እሰሩኝ ብሎ ነው የታሰረው፤ ያሰረው መነኩሴም አምኖ ለመጣው ሰው ኃላፊ ነው፤ ልውረድ ሲለው ያወርደዋል። በግሸን የታሰረው መስፍን ቢጣራ የሚሰማው ዘበኛ ነበረው፤ ዘበኛው ግን የሚታዘዘው ለሌላ ሰው ነው። ሰው በሌላው እጅ ሲገባ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ገመዱ ውፍረት አይመስለኝም። ጫፉን የያዘው ሰው ለማን ነው የሚታዘዘው? ስጮህ ይሰማኛል ወይ?

አሁን ወደ ብረቱ። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ቪያ ፈራታ የሚባል የገደል መንገድ አለ። በገደሉ ፊት ላይ ወፍራም የብረት ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ በየጥቂት ሜትሩ በዓለቱ ውስጥ በተተከለ ችንካር ይያዛል፤ እግር የሚረግጠው ባጣበት ቦታ የብረት መርገጫ ወይም መሰላል ይጨመራል። አጀማመሩ በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በኦስትሪያ በዳህሽታይን ተራራ ላይ በ1843 እ.ኤ.አ. ብረት ተተክሏል። መንገዱን ያበዛው ግን ጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጣሊያንና የኦስትሪያ ወታደሮች በዶሎሚት ተራሮች ላይ ሲፋጠጡ፣ ስንቅና ጥይት ለማውጣት ገደሉን በገመድና በመሰላል ሞሉት። ዛሬ ጎብኚ ከሚሄድባቸው መንገዶች ብዙዎቹ የዚያ ጦርነት ልጆች ናቸው። በስዊዘርላንድ በላውተርብሩነን ሸለቆ ከሙረን መንደር ወደ ጊመልቫልት የሚወስደው ዓይነት ደግሞ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ገደሉን አቋርጦ ይሄዳል፣ ከእግር በታች ያለው ባዶ ብቻ ነው፣ መጨረሻው ላይ የሚወዛወዝ ድልድይ ያሻግራል።

የሚሄድበት ሰው ወገቡንና ጭኑን በቀበቶ ይታጠቃል። ከቀበቶው ሁለት አጫጭር ገመድ ይወጣል፤ በየጫፋቸው የሚከፈትና የሚዘጋ መንጠቆ አለ፤ ሁለቱም በብረቱ ገመድ ላይ ይሰካሉ። ሰውየው እየሄደ መንጠቆዎቹ አብረውት ይንሸራተታሉ። ችንካሩ ጋ ሲደርስ ግን ያቆሙታል፤ መንጠቆ ችንካርን አያልፍም። ያኔ አንዱን ነቅሎ ከችንካሩ ማዶ ይሰካዋል፤ መዘጋቱን በጆሮውም በጣቱም ያረጋግጣል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ነቅሎ ያሻግራል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለቱ መንጠቆዎች በአንድ ጊዜ አይነቀሉም። መንገዱ ቀላል ሲመስል፣ ሰው ሲደክመው፣ ከኋላ ያለው ሲያጣድፍ፣ እጅ ሁለቱንም ባንድነት ሊነቅል ይዳዳዋል። ስለዚህ መንገድ መሪው ሲጮህ የሚውለው በአስፈሪው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም፤ በቀላሉም ላይ ይጮኻል።

ሌላም ነገር አለ። በብረት ገመድ ላይ የሚወድቅ ሰው መንጠቆው እየተንሸራተተ ከበታቹ ያለው ችንካር እስኪያግደው ድረስ ይወርዳል፤ በድንገት ቀጥ ሲል ያ መቆም ራሱ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በቀበቶውና በመንጠቆዎቹ መካከል የታጠፈ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ ጠፍር ይቀመጣል። ሰውየው ሲወድቅ ስፌቱ ጥርርር እያለ ይተረተራል፤ በመተርተሩም የአወዳደቁን ኃይል ይቀንሰዋል። አንድ ጊዜ ካዳነ ይጣላል። አሁን ባለው የአውሮፓ ደረጃ የሚሠራው ከ40 እስከ 120 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ነው። ከዚያ የሚቀልለው ልጅ ክብደቱ ስፌቱን ለመተርተር አይበቃም፤ ስለዚህ መሪው ልጁን በተጨማሪ ገመድ ከራሱ ጋር ያስረዋል። ብረቱ፣ ስፌቱና ስሌቱ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ለሕፃን ሲሆን አሁንም የሰው ወገብ ተፈለገ።

ዓለት ላይ ብረት መትከልን የተቃወሙም ነበሩ። ኦስትሪያዊው ጳውል ፕሮይስ በ1911 እ.ኤ.አ. በጻፋቸው ጽሑፎች ሰው በዓለት ላይ ብረት መትከል የለበትም፣ ያለ ረዳት መውረድ የማይችለውን ገደል አይውጣ ብሎ ተከራከረ። የጠራ ሐሳብ ነው፤ አከብረዋለሁ። በ1913 ብቻውን ሲወጣ ወድቆ ሞተ፤ ዕድሜው ገና 27 ዓመት ነበር። በሞቱ ክርክሩን ማሸነፍ አልሻም፤ ሰው የሚሞትለት ሐሳብ በመሞቱ አይሳሳትም። የምለየው በሌላ ነው። ፕሮይስ ጥንካሬን የለካው ብቻን በመቆም ነው። አቡነ አረጋዊ የለኩት በመታሰር ነው። እኔ ደግሞ የወሎ ሰው ነኝ፤ ብቻውን ተራራ የወረደ በሽተኛ አላየሁም።

ከመርሳ በላይ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች መኪና የማይገባበት ቦታ አሁንም ብዙ ነው። እዚያ ሰው ሲታመም፣ ምጥ ሲጠናባት፣ የሚጠራው ቅሬው ነው። በወሎ ቅሬ የሞተን መቅበሪያ ብቻ አይደለም፤ ያልሞተውንም ያወርዳል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቅሬ ውስጥ ነውና ቃሬዛውን የሚሸከመው ትከሻ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። በሽተኛዋ ቃሬዛው ላይ ትተኛለች፤ እንዳትንሸራተት በጋቢ ትታሰራለች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፊት ያሉት ቃሬዛውን ወደ ትከሻቸው ከፍ ያደርጉታል፤ ኋላ ያሉት ዝቅ ያደርጉታል፤ ቃሬዛው እንዲስተካከል። ጭንቅላቷ እንዳይወርድ ነው።

ዓይኔን የሚይዘው ግን ሲቀያየሩ ነው። ተሸካሚ ይደክመዋል፤ ከኋላ የሚከተለው ወጣት ይመጣል። ቃሬዛው አይቆምም፤ ቁልቁለት ላይ ማቆም ከመሄድ ይከብዳል። ወጣቱ ከጎን ገብቶ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ያስጠጋል። የደከመው ገና አልለቀቀም። ለሁለትና ለሦስት እርምጃ ያህል አንድ እንጨት ሁለት ትከሻ ላይ ይሄዳል።

«ያዝከው?»

«ይዣለሁ፣ ልቀቅ ወንድሜ።»

ያኔ ነው የሚለቀው። ከላይ የተኛችው ሴት ከዚህ ምንም አታውቅም፤ ካወቀችም ቃሬዛው ለቅጽበት ቀለል ሲላት ይሆናል። በላውተርብሩነን ገደል ላይ ከሁለቱ መንጠቆዎች አንዱ ሁልጊዜ ይቆይ የተባለው ሕግ በሀብሩ ቁልቁለት ላይ ያለ አስተማሪ፣ ያለ ደረጃ መዳቢ መሥሪያ ቤት፣ በሁለት ቃል ይፈጸማል። ሰው የሚወድቀው ሲያዝ ወይም ሲለቀቅ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ነው። የሰው ልጅ ከእናት ወደ ሞግዚት፣ ከሐኪም ወደ ሐኪም፣ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሲሻገር የሚደርስበትን ጥፋት ሁሉ ባስብ፣ ብዙው አንዱ ይዣለሁ ሳይል ሌላው በመልቀቁ የመጣ ነው። ይህን በአገራችን ያላየ ትውልድ የለም።

በቪያ ፈራታ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ይህ ድምፅ የሌለበት መሆኑ ነው። በዳሞ ከላይ የሚስበው መነኩሴ ይሰማል፤ በሀብሩ የሚቀበለው ትከሻ ይናገራል። ብረቱን ዓለት ውስጥ የተከለው ሠራተኛ ግን የለም። ተክሎ ሄዷል። ችንካሩ በውርጭና በሚፈርስ ድንጋይ ይላላል፤ በየጊዜው የሚመረምረው ሰው ካልመጣ የተዘረጋው ገመድ እንዳለ ይታያል እንጂ እንደማይዝ አይታይም። እርግጥ ዛሬ አብዛኛው ኑሯችን እንዲህ ነው፤ ስሙን በማናውቀው ሰው በተሠራ ድልድይ እንሻገራለን፣ በማናውቀው እጅ የተቀመመ መድኃኒት እንውጣለን። ስለዚህ ነው መሪ የሚያስፈልገው። መሪው የሌለውን ሠራተኛ ወክሎ ከሰውየው ጋር ይቆማል፤ ችንካሩን ይነካል፣ ሰማዩን ያያል፣ ዛሬ አንሄድም ይላል።

ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው መሪ ምን እንደሆነ በእግሩ ይማረዋል። ከላሊበላ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ መንገዱ መጨረሻው ላይ በተሰነጠቀ ዓለት መካከል ይጠባል፣ ደረጃው ተሸርሽሯል፣ በአንድ ወገን ሸለቆው ይታያል። እኛ በወጣን ቀን የመራን ወጣት ከፊታችን አልሄደም፤ ከገደሉ ወገን ሆኖ ከጎናችን ነበር የሚራመደው። ለአንዲት እናት «እማማ፣ ወደኔ አይዩ፤ እግርዎን እዚህ ጋ፣ አዎ፣ አሁን ይሄኛውን» ሲል በባዶውና በእሳቸው መካከል የቆመው የራሱ ሰውነት ነው። በገርዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ የሚያወጡት ወጣቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጫማውን ያወለቀውን ጎብኚ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እግሩን በእጃቸው ይዘው ዓለቱ ላይ ከተፈለፈለችው ቀዳዳ ያስገቡለታል። መሪ የሰውን ፍርሃት ተቀብሎ የሚሸከም ሰው ነው፤ በቃሬዛው እንደሚለዋወጡት ሁሉ ይዣለሁ ብሎ።

እሱን ግን ማን ይይዘዋል? በ1820 እ.ኤ.አ. በሩሲያ መንግሥት አገልግሎት የነበረ ሃመል የሚባል ዶክተር ሞንት ብላንን ለመውጣት ከሻሞኒ መሪዎች ጋር ተነሣ። አየሩ ተበላሽቶ ስለነበር መሪዎቹ መመለስን መርጠው ነበር፤ እሱ እንቀጥል አለ፤ ቀጠሉ። በረዶው ተናደና ሦስት መሪዎችን ይዞ ሄደ። ሃመል ተረፈ። የሻሞኒ ሰዎች በቀጣዩ ዓመት፣ በ1821፣ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሥራው በተራ እንዲደርስ፣ ለተጎዳ መሪና ለሟች ቤተሰብም ካዝና እንዲኖር። ዛሬም አለ። ወሎዬ ይህን ሲያነብ ስሙን ያውቀዋል፤ ቅሬ ነው። ያ ማኅበር ከየትኛውም ችንካር ይልቅ ተራራውን ለሰው ያስቻለ ይመስለኛል፤ የገመዱ ሌላኛው ጫፍም የታሰረ ሰው እንደሆነ ያመነ የመጀመሪያው ነውና።

በእኛ በኩል የሆነውን እናውቃለን። በኮሮና ጊዜ ጎብኚው ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላና ወልድያ ገባ፤ በየገደሉ የሰው እጅ ይዘው የሚያወጡ ወጣቶች ራሳቸው የሚይዛቸው አጥተው ተበተኑ። ከፊሉ ወደ ዐረብ አገር ሄደ፣ ከፊሉ ከተማ ገብቶ የቀን ሥራ ያዘ። መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁ ሰዎች ሲሄዱ መንገዱ ራሱ ይጠፋል።

በላስታና በመቄት ተራሮች ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬው ራሱ እንግዳ ተቀባይ፣ ራሱ መንገድ መሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ስለዚህ ባዶ እጃችንን አይደለንም። አንድ ቀን ባለሀብት መጥቶ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ወይም ከወልድያ በላይ ባለው ገደል ላይ ብረት ልትከል ቢል ደስ ይለኛል፤ የአካባቢው ወጣት ከተራራው እንጀራ ቢበላ ደስ ይለኛል። የምለው ግን ይህን ነው። ችንካሩ ከመምጣቱ በፊት ካዝናው ይቋቋም፤ ከእያንዳንዱ ጎብኚ ክፍያ ላይ ለሚሰበረው እግርና ለሚቀረው ልጅ ተቀንሶ ይቀመጥ። ችንካሩን በየክረምቱ መውጫ የሚመረምረው ሰው ከገደሉ ሥር የሚኖር ይሁን፤ መዝገቡ በቀበሌው ቅሬ እጅ ይቀመጥ፤ በመዝገቡ ላይ የመረመረው ሰው ስም ከነቀኑ ይጻፍ። መሪው ዛሬ አንሄድም ሲል የዕለት ክፍያው አይቀነስበት። ባለሀብቱ ለዚህ እሺ ካላለ ገደሉን እንዳለ ይተውልን፤ በቃሬዛም ቢሆን ስንወርድበት ኖረናል።